የአጥሩ ቀዳዳ

ቡለን፣ መስከረም 21 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለመምህር ደባልቄ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሌላው ሰው ይህን ለወግ ይጽፈዋል፤ እኔ ግን መልሱን እፈልጋለሁ። እጅህ መንቀጥቀጡን ቀነሰ? ጠዋት ከአልጋ ለመውረድ ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል? ደጃፉ ላይ ስትደርስ እግርህ አሁንም መሬት ላይ ይጣበቃል? አንድ በአንድ ጻፍልኝ።

በመስተዳድሩ ሬዲዮ ያስነገርከው ጥያቄ ደርሶኛል። አዎ፣ በሰላም ገብቻለሁ፤ በስምንተኛው ቀን። አሶሳና ቡለን አሁን አንድ ክልል ናችሁ ተብለናል፣ ክልል ስድስት። ነገር ግን አባይ መሃላችን ተጋድሟል። ከአንዱ ጓዳ ወደ ሌላው ጓዳ ለመግባት የጎረቤት ግቢ ዞሬ፣ አዲስ አበባን አይቼ፣ ጎጃምን አቋርጬ መጣሁ። ለአዲሱ ክልል መምህር ሲደለደል ዕጣዬ እዚህ በመውጣቱ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። የዝውውር ማመልከቻዬን ሻንጣዬን ሳልፈታ አስገብቻለሁ። አንተ በሕመም ጡረታ ባትወጣ ኖሮ ሥራውን ጥዬ እመለስ ነበር፤ አሁን ግን ከሁለት አንዳችን መሥራት አለብን።

አሁን ስማኝ። ኪኒኑ በቀን አምስት ጊዜ ነው። ሠራተኛችን የሻረግ ሰዓት ማንበብ ባትችልም ዘንጎቹ የት የት ሲደርሱ እንደሆነ አሳይቻት በጣቷ ለይታለች። እያንዳንዱን ኪኒን ከአንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት ጋር ትሰጥሃለች። ሐኪሙ ከምግብ በፊት፣ በውሃ ብቻ፣ ብሎ የጻፈውን እርሳው። የመጀመሪያው ወር በባዶ ሆድህ ውጠኸው ሲያስመልስህ ያጸዳሁት እኔ ነኝ፣ እሱ አልነበረም። ሐኪሙ የሚያውቀው ፓርኪንሰን የሚባለውን በሽታ ነው፤ ያንተን ሆድ የማውቀው እኔ ነኝ። ላሟን የገዛኋትም ለዚሁ ነው። የጾም ቀን ቢሆን እንኳ ቄሱ ስለ ሕመምህ ፈቅደውልሃልና ሳትግደረደር ጠጣ። ሦስት ዓመት ያቆየህ ያ ወተት ነው።

የሻረግን አምባ ስምንት ሰፈራ መንደር ድረስ ሄጄ የመረጥኳት በሙያዋ ነው። ዕድሜዋ ስድሳ ማለፉና የፊት ጥርሷ ማለቁም አላስከፋኝም። አሁን ሳትስቅ አትቀርም። ፊትህ ከታመምክ ወዲህ መሳቅ ቢያቅተውም ሆድህ እንደሚስቅ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ከሲተና ግቢ ጋር በሚያዋስነን አጥር ላይ ያለውን ቀዳዳ አስደፍነው። የዶሮ መተላለፊያ ነው ትለኛለህ፤ ከመምጣቴ በፊት ሳየው ግን ሰው ያሳልፋል። ባሏ ሐምዳን ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት፣ ደግም ናት፣ ይህን አልካድኩም። ቢሆንም ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።

ክፍል ውስጥ ሆኜ ኪኒን የምትውጥበት ሰዓት ሲደርስ ጠመኔዬን አስቀምጬ ሰዓቴን አያለሁ። ተማሪዎቹ ደወል የምጠብቅ መስሏቸዋል።

ለተማርያም


አሶሳ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለለተማርያም፣

ስለ ጽሕፈቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። መስመሩን ስጀምር ፊደሉ ደህና ነው፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጤፍ ያህላል። ይህችን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የትምህርት ቤቱን ሰርተፊኬት ሁሉ የምጽፈው በዚህ እጅ ነበር ብል አሁን ማን ያምነኛል? በየአዲሱ ቢሮ በር ላይ የክልሉን ስም የሚጽፍ ሰው ጠፍቶ ወደ እኔ መጥተው ነበር። እጄን አይተው ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። እጄ እንደተውሽው ነው። ከአልጋ መውረዱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ደጃፉም ይይዘኛል። ትናንት ልብስ ከገመድ ላይ ላነሣ ብዬ ወጥቼ ደረጃው ላይ እግሬ ተያዘ፤ ዝናቡ መጣ፣ እኔም ቆሜ ጠገብኩት።

የሻረግ ሄዳለች። አትቆጪ። የልጇን ማሽላ ወፍ ሊጨርሰው ነው ብለው ጠሯት፤ ከአጨዳ በኋላ እመለሳለሁ ብላለች። እስከዚያ ሲተና አንዳንዴ ብቅ ትላለች። ቀዳዳው አልተደፈነም፤ የሚደፍን ሰው አላገኘሁም፣ እኔም መዶሻ አልይዝም።

ስለ ወተቱ የሰጠሽኝን ትእዛዝ አልረሳሁም።

ሌላም ልጽፍ ነበር፣ እጄ እምቢ አለ።

ደባልቄ


ቡለን፣ ኅዳር 24 ቀን 1988 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ፣

ደብዳቤህን በአጉሊ መነጽር አነበብኩት። መነጽሩን ከሳይንስ መምህሩ ነው የተዋስኩት፤ የነፍሳት ክንፍ የማጠና መስሎት ሳይሆን አይቀርም። ዝናብ ላይ ቆመህ ስትደበደብ ሳነብ አለቀስኩ። ወረድ ብዬ የሚቀጥለውን ሳነብ እንባዬ ደረቀ።

«አንዳንዴ ብቅ ትላለች።» አንዳንዴ ማለት ስንት ጊዜ ነው? በሳምንት ነው ወይስ በቀን? ብቅ ስትልስ አንገቷን ብቻ ነው የምታስገባው ወይስ ሙሉ ሰውነቷን? ዝናቡ ላይ ከቆምክበት ማን እንዳስገባህም አልጻፍክም። እኔ ሃያ ዓመት ልጆች ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ተማሪ አንድ ጥያቄ ዘሎ ሲያልፍ መልሱን ስለማያውቀው ነው ወይም በደንብ ስለሚያውቀው ነው።

ሲተናን አልጠላትም። ባሏ ሱዳን ድንበር ኩርሙክ ይነግድ በነበረበት ጊዜ የሚያመጣላትን ሽቶ ግን አሁንም አልጨረሰችውም፤ በደጃችን ስታልፍ ሽታዋ ከሷ በኋላ ሩብ ሰዓት ግቢያችን ውስጥ ይቆያል። አንተም አፍንጫዬ ማሽተት ካቆመ ቆየ ትለኛለህ። ይህ ብቻ ነው ከበሽታህ የወደድኩት።

እውነቱን ልንገርህ፣ ቀንቻለሁ። ፈጣሪ ልጅ አልሰጠንም። ያለኝን እናትነት ሁሉ ያንተ ብርጭቆ ውስጥ ነው የቀዳሁት። ያንን ብርጭቆ ሌላ ሴት ስትይዘው እያሰብኩ ምሳዬን መብላት አቃተኝ። ኪኒኑ በሰዓቱ ካልተዋጠ ደግሞ እንጨት እንደምትሆን አውቃለሁ። ስለዚህ ትስጥህ። ሰጥታ ግን ትሂድ። ወንበር አታቅርብላት። ወተቱን አፍልታ ትስጥህ እንጂ ጥሬውን እንዳትጠጣው።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ይህን ተረት ያወጣው ሰው ሚስቱ ቡለን አልተመደበችበትም።

ቢሻው የሚባል ባልደረባዬ ከገና በኋላ ለትምህርት ቢሮ ስብሰባ አሶሳ ይመጣል። መልስህን ለሱ ስጠው። ያየውን የሚናገር፣ ያላየውን የማይጨምር ሰው ነው። እንዴት እንዳለህ አይቶ እንዲነግረኝ አደራ ብዬዋለሁ።

ለተማርያም


አሶሳ፣ ጥር 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለለተማርያም፣

እንደምን ሰነበትሽ? የቡለን ብርድ እንዴት አደረገሽ? ያ ሳልሽ ተነሣብሽ ወይስ ተወሽ?

ቢሻውን በአካል አላገኘሁትም፤ በመጣ ቀን አሞኝ ተኝቼ ነበር። ነገ ስለሚነሣ ይህን ደብዳቤ ትምህርት ቢሮው ዘበኛ ዘንድ አስቀምጥለታለሁ።

እኔ እንደ ወትሮዬ ነኝ። አንድ ቀን ትንሽ ይሻለኛል፣ አንድ ቀን ይብስብኛል። ብዙ የሚጻፍ ነገር የለም። ላሟ ደህና ናት፤ በሚያዝያ ትወልዳለች ይላሉ።

ለጥያቄሽ መልስ፣ ሲተና የምትገባው ሙሉ ሰውነቷን ነው። አንገቷን ብቻ አስገብታ ኪኒን እንድታቀብለኝ ብጠይቃት እብድ ትለኛለች። ወንበር አላቀረብኩላትም። የራሷን በርጩማ ይዛ ትመጣለች።

ስለ ዝውውርሽ አስቤበት ነበር። ቢፈቅዱልሽም አትቸኩዪ። መንገዱ ከባድ ነው፣ የትምህርት ዘመኑም ተጋምሷል። እስከ ክረምት ወይም ትንሽ እልፍ ብትዪ ምን ይመስልሻል? እኔ አልሞትም፣ አትፍሪ።

አክባሪ ባለቤትሽ
ደባልቄ


ቡለን፣ ጥር 26 ቀን 1988 ዓ.ም.

መምህር ደባልቄ፣

ሰላምታውን ትቼዋለሁ። ደህና መሆንህን ሰምቻለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈልህ? ፖስታውን ስከፍት ፊደሉ ከወረቀቱ ላይ ዘሎ ሊወጣ ምንም አልቀረው። አጉሊ መነጽሩን መልሼ ለባለቤቱ ሰጠሁ። የባሌን ጽሕፈት አውቀዋለሁ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ጤፍ ነው። የሲተና ትልቋ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች አይደል? አንተ እያልክላት እሷ ስትጽፍ፣ እናቲቱ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ ስትሰማ ታየኝ። «አትቸኩዪ» የሚለውን ቃል ማን ነገረህ?

ቢሻው ሲመለስ ገና ከመኪና ሳይወርድ እየሳቀ ነበር።

«እትዬ ለተማርያም፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ጋሽ ደባልቄ ተነሥተዋል!» አለኝ።

«ሕመማቸውስ እንዴት ነው?» አልኩት።

«ምን መታመም! ሰርግ ላይ ነው ያየኋቸው። የጎረቤታችሁ የሲተና የእህቷ ልጅ ሰርግ ነው አሉ። በርታዎቹ ያንን ረጅሙን የቅል መለከታቸውን፣ ዋዛውን፣ ይነፋሉ፤ ጋሽ ደባልቄ ትከሻቸው ይወዛወዛል። ሴትየዋ ፊት ለፊታቸው ቆማ ታጨበጭባለች፣ እሳቸው ወደ እሷ ይራመዳሉ። ሰው መሃል ገብቼ ሰላም ልላቸው ስሞክር አጣኋቸው።»

ያላየውን አይጨምርም ብዬህ ነበር። ይህን ሲነግረኝ እንኳን አብሮ ደስ አለን ብዬ አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ ክፍል ገብቼ የአራተኛ ክፍል ልጆችን ያለ ጥፋታቸው ገረፍኳቸው። በሕይወቴ ልጅ ስመታ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

በጥር 27 የቀጠለ።

ትናንት እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። ዛሬ በ1969 የጻፍክልኝን የመጀመሪያ ደብዳቤ ከሻንጣዬ ሥር አወጣሁት። አዎ፣ ይዤው ነው የምዞረው። ከአሁኑ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ስሜን ስትጽፍ የ«ለ»ን አንዱን እግር ከሌላው አስረዝመህ መጎተት ልማድህ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዲያ አይጽፍም። አሁንም ያው ነው። ያንተ ጽሕፈት ነው። ያ የሰርተፊኬቱ እጅ ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ለማርያም የተሳልኩበት ነገር ነው። ግን ደስ አላለኝም። ከእኔ ጋር ሦስት ዓመት ደርቀህ ከሷ ጋር በሦስት ወር ተነሣህ። እኔ ደግፌ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ማድረስ ያቃተኝን ሰው እሷ አጨብጭባ አራመደችው። ድነህም ደበቅኸኝ። የዳነ ሰው ከሚስቱ የሚደበቀው ለምንድን ነው?

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። ማመልከቻዬ ክልሉ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ላስቀረውም እችላለሁ። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ትተህ አንዱን መልስልኝ። ልመለስ ወይስ ልቅር?

ለተማርያም


አሶሳ፣ የካቲት 6 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተማርያም፣

ተመለሺ። መልሱን ከላይ ያስቀመጥኩት የቀረውን እንድታነቢ ብዬ ነው።

ቢሻው ያየው ሁሉ እውነት ነው፤ ሲተረጉመው ግን ተሳስቷል። ትከሻዬን ያወዛወዘው ዋዛው አይደለም። ኪኒኑ አሁን በደንብ ስለሚሠራ፣ በሠራ ጊዜ ሰውነቴ ያለ ፈቃዴ ይናጣል። የጤና ጣቢያው ሰው መጠኑ ሳይበዛብህ አይቀርም፣ ሐኪምህ ይየው ብሎኛል፤ በመጋቢት አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ጭብጨባውም ጭፈራ አይደለም። ድንኳኑ በር ላይ እግሬ ተይዞ ነበር። እግሬ ሲያዝ ምት ከሰማ ይለቃል። ይህን ያገኘችው ሲተና ናት፣ ያኔ ዝናቡ ላይ ቆሜ ሳለ። በአጥሩ አይታኝ በቀዳዳው ገባች። ልትጎትተኝ እጄን ያዘች፣ ልወድቅ ስል ለቀቀችኝ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ቆማ እያጨበጨበች «ዋሒድ፣ ኢትኔን፣ ዋሒድ፣ ኢትኔን» ስትል እግሬ እኔን ሳያስፈቅድ ተነሣ። አንድ፣ ሁለት ማለቷ ነው። ያን ቀን ዘልዬ ያለፍኩት መልስ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋሸሁሽ ነገር ልምጣ። ላሟ ነጥፋለች። አርግዛ የነጠፈችው በጥቅምት መጨረሻ ነው። ወተት ስላልነበረ ኪኒኑን በውሃ መዋጥ ጀመርኩ። ሲተና የግድግዳውን ሰዓት አይታ ራሷን ነቀነቀች። «ይሄን እኔ አላውቅም። ሶላት አውቃለሁ። ኪኒን አምስት፣ ሶላት አምስት፣ ሐላስ፣ በቃ» አለች። እንዳለችው አልሆነም፤ ከንጋቱ ሶላት ከሱብሂ እስከ ቀትሩ ዙሁር በጣም ራቀ፣ የምሽቶቹ መግሪብና ዒሻ ደግሞ ተጠጋጉ። ስለዚህ ዒሻን ትተን የድሮ ትምህርት ቤታችንን የዕረፍት ደወል ጨመርን። ሱብሂ ሲባል በአጥሩ ላይ ትጣራለች፣ እኔ አንዱን እውጣለሁ። ደወሉ ሲደወል ሁለተኛውን። ከዚያ ዙሁር፣ ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት፣ ሲመሽ መግሪብ። መጀመሪያ ኪኒኑን አስውጣኝ ልትሰግድ ትሄዳለች፤ ሰግዳ፣ የማሽላ ገንፎ አገንፍታ እስክትመለስ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። እስከዚያ ኪኒኑ ሆዴ ውስጥ ብቻውን ነው። ማቅለሽለሹም እንደ መጀመሪያው ወር አልሆነም፣ ሰውነቴ ለምዶታል።

በአሥረኛው ቀን የሸሚዜን ቁልፎች ራሴ ቆለፍኩ። ደስ ብሎኝ ፈታኋቸውና እንደገና ቆለፍኳቸው።

ያኔ የሐኪሙን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቼ አነበብኩት። ጤና ጣቢያም ሄጄ ጠየቅሁ። ሰውየው «ወተትና ሥጋ ከዚህ ኪኒን ጋር በአንድ በር ነው የሚገቡት። ይጋፉታል፣ ኪኒኑ ውጭ ይቀራል» አለኝ።

ለተማርያም፣ ይህን እንዴት ብዬ ልጽፍልሽ ነበር? ተሽሎኛል ብልሽ ምን አድርገህ ተሻለህ ትያለሽ። ወተት ትቼ ብልሽ ሦስቱን ዓመት ቁጭ ብለሽ ትቆጥሪያለሽ። ብርጭቆውን ይዘሽ ስትመጪ እጅሽ ላይ የነበረው ወተት ብቻ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ስለዚህ ዋሸሁ። ቢሻውም አይቶኝ እንዳይነግርሽ ሸሸሁት።

አትቸኩዪ ያልኩሽም ሲተናን ፈልጌ አይደለም። በሚያዝያ ላሟ ትወልዳለች፣ ወተቱ ይመለሳል፣ አንቺም ትመለሻለሽ። ብርጭቆውን ስትዘረጊልኝ አልፈልግም ለማለት አቅም እንደማይኖረኝ አውቃለሁ። እጠጣው ነበር። ጠጥቼም እደርቅ ነበር።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ልዝለለው ብዬ ነበር፣ ግን ዘልዬ ያተረፍኩት የለም። ስታጨበጭብልኝ ደስ ይለኛል። እግሬ ሲታዘዘኝ የሚሰማኝን ደስታ ከሷ ለይቼ ለማየት ያቃተኝ ቀን ነበር። ያን ቀን ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት። በርጩማዋን አንሥታ «ሚስትህ ሩቅ ነው። ሲመጣ እንዲህ ቆመህ የለም፤ መናኸሪያ ድረስ ሄደህ ትቀበለዋለህ። እኔ ለዚህ ነው የማጨበጭበው» አለችኝና ወጣች። ከዚያ ወዲህ ስታጨበጭብ ራቅ ብላ ነው።

አሁን ረመዳን ነው። ጾሟን ሆና ለእኔ ገንፎ ታገነፋለች።

ቅጣትሽን እጠብቃለሁ።

ደባልቄ


ቡለን፣ መጋቢት 19 ቀን 1988 ዓ.ም.

ደባልቄ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሃያ ቀን ሆነ። የዘገየሁት አኩርፌ አይደለም። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር ብርጭቆው ይታየኛል። እንዳልከው ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፤ በቀን አምስት፣ ሦስት ዓመት። ቁጥሩን አልጽፍልህም። ጾም ስለሆነ ወተት ቤቴ አለመግባቱ ደግ ሆነ፤ ባየው ምን እንደማደርግ አላውቅም። እያንዳንዱን ስሰጥህ ስምህን ጠርቼ ነበር የምሰጥህ። ደጃፉ ላይ ስትደርቅ ደግሞ አንድ ብርጭቆ እጨምርልህ ነበር። ፊትህን እያየሁ አንድ ቀን እንኳ አላነበብኩትም።

አሁን ሲተናን ጥራት። የሚቀጥለውን ገጽ ጮክ ብለህ ታነብላታለህ። አንድ ቃል ብትዘል ስመጣ እጠይቃታለሁ።

ሲተና፣ እንዴት ነሽ? ልጆችሽ ደህና ናቸው? ዘግይቼም ቢሆን እንኳን ለዒድ አደረሰሽ።

እኔ በአንቺ ቀንቻለሁ። ይህን በባሌ አፍ ስትሰሚ እሱ ያፍራል፤ ፊቱ ላይ አይታይም፣ ጆሮውን እዪው። በቀዳዳው በመግባትሽ ቀናሁ። በሽቶሽ ቀናሁ። በልጆችሽም ቀናሁ። የባሰው ግን የሚከተለው ነው። እኔ መምህሯ አንብቤ የናቅሁትን የሐኪም ቃል አንቺ ሳታነቢው ፈጸምሽው። ይህኛው ቅናት እስካሁን አለቀቀኝም፣ በቶሎም የሚለቀኝ አይመስለኝም። ስመጣ ፊቴ ጠቆር ብሎ ብታዪ በዚህ ነውና ቻዪኝ።

ጾምሽን ሆነሽ ገንፎ ስላገነፋሽለት ፈጣሪ ይቁጠርልሽ። እኔ ብሆን ላንቺ ባል ይህን ማድረጌን እጠራጠራለሁ።

ላሟ ያንቺ ናት፣ ከምትወልደው ጥጃ ጋር። ወተቱን ልጆችሽ ይጠጡት። ደባልቄ ከለመነሽ ከመግሪቡ ኪኒን በኋላ፣ ቆይቶ፣ ትንሽ ብቻ ስጪው። በመንገድ ዞራ እንዳትደክም ቀዳዳውን ያስፋውና በዚያው ትለፍ። እኔ ድፈነው ብዬው ነበር፤ ሰነፍ ባል ማግባት አንዳንዴ ይጠቅማል።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ዋሒድ ሲባል ነው የሚጨበጨበው ወይስ ኢትኔን ሲባል? ስመጣ ታስተምሪኛለሽ።

ሲተና፣ ደህና ሁኚ። አሁን ወደ ገንፎሽ ሂጂ።

ከዚህ በታች ያለው ላንተ ብቻ ነው።

ዝውውሬ ተፈቅዷል። ሰኔ ሃያ ስምንት አሶሳ እገባለሁ። አትቸኩዪ ብትለኝም ቸኩያለሁ።

ስታጨበጭብልኝ ደስ ይለኛል ያልክባትን መስመር ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ያቺን ባትጽፍ ኖሮ ሌላውን አላምንህም ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ፤ ረስቼዋለሁ ግን አላልኩም።

እዚህም መስጊድ አለ። እስከ ዛሬ ጥሪው ሲሰማ በትምህርት መሃል ድምፄን ከፍ አደርግ ነበር። አሁን ዙሁር ሲል ጠመኔዬን አስቀምጬ እቆማለሁ። ሰዓቴን ማየት ትቻለሁ። እኔ የገረፍኳቸው የአራተኛ ክፍል ልጆች አብረውኝ ዝም ይላሉ፤ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።

አንድ ቃል ግባልኝ። ስመጣ አንድ ነገር ብዘረጋልህና የማይስማማህ ቢሆን አልፈልግም በለኝ። በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳር አንድ ቀን እንኳ አላልከኝም፤ እኔም ከደግነትህ ቆጥሬው ኖርኩ። አሁን አልፈልግም የሚለኝ ባል እፈልጋለሁ።

መናኸሪያ ድረስ መጥተህ ትቀበለኛለህ። የአስር ሶላቱን ኪኒን ውጠህ ና። በሩ ላይ ሰው በዝቶ እግርህ ቢያዝ አትደንግጥ፣ ወደማንም አትዙር። ሻንጣዬን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እኔ አጨበጭብልሃለሁ።

ለተማርያም